የአንበሳ ምልክት ያለበትን ቤልጅግ ጠመንጃ ልሽጠው ወይስ ላቆየው?

ጠያቂ፦ የአሌክሳንድሪያው

ጤና ይስጥልኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ የምኖር ሰው ስሆን፣ በአገራችን የጦር ታሪክ ውስጥ ያለፉ የድሮ ጠመንጃዎችን ለዓመታት ሰብስቤአለሁ። ዛሬ በብረት ሣጥኔ ውስጥ ያሉት አንድ ውጅግራ (የፈረንሳይ ጠመንጃ)፣ አንድ የጣሊያን ቬተርሊ፣ አንድ የጣሊያን ካርካኖ እና አንድ በቤልጅግ አገር የተሠራ ቤልጅግ ሲሆኑ፣ ሁሉንም የገዛኋቸው ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች ወጥተው ወደ አሜሪካ ከገቡት አሮጌ መሣሪያዎች መካከል ነው። ልጄ በዚህ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስለምትገባ ከአራቱ አንዱን መሸጥ ግድ ሆኖብኛል።

አንድ ገዢ ለቤልጅጉ፣ ለሌሎቹ ከሚሰጠው እጅግ የበለጠ ዋጋ ሰጥቶኛል። ጠመንጃው ከጥይት ማጉረሻው አናት ላይ የይሁዳ አንበሳ ምልክት ተቀርጾበታል፤ በግራ ጎኑም የቤልጅጉ የሔርስታል ጠመንጃ ፋብሪካ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይነበባል። ሆኖም የመቀርቀሪያው ቁጥር ከአካሉ ቁጥር ጋር አይገጥምም። ሰደፉም አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በቆርቆሮ ተጠፍሯል፤ ቆርቆሮው ባልተስተካከሉ ትናንሽ ምስማሮች ተመትቷል፤ እንጨቱ በቅባትና በእጅ ወዝ ጠቁሯል። ይህን ጠመንጃ መሸጥ ተገቢ ነውን? ከሸጥኩትስ አስቀድሜ ቆርቆሮውን ነቅዬ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ባሳምረው ዋጋው ይጨምር ይሆን?

መልስ ፩፦ የጥንቱ ዝናር

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ የብርጭቆ ወረቀቱን ከእጅዎ ያስቀምጡ። ያ ቆርቆሮ ጠመንጃው በአገር ቤት አገልግሎት ላይ መዋሉን የሚመሰክር ሥራ ነው፤ ባለሙያ ሰብሳቢም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እንጨቱ አንድ ጊዜ ከተላገና ከተወለወለ በኋላ ወደ ቀድሞው የሚመልሰው ሰው የለም፤ ዋጋውም ይወርዳል እንጂ አይጨምርም።

ስለ ሽያጩ ግን መመዘኛዬ አንድ ብቻ ነው፤ ነገ ገንዘብ ሲያገኙ መልሰው ሊገዙት የሚችሉትን ይሽጡ። ካርካኖ ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ድረስ በሚሊዮን የሚቆጠር የተሠራ ነው። አርበኞች በአምስቱ የወረራ ዓመታት ከጠላት ማርከው የታጠቁት በመሆኑ ለእኛ ክብር ቢኖረውም፣ ገበያው ላይ ሌላ ማግኘት አይከብድም። ቤልጅጉ ግን የቤልጅግ መኮንኖች ከ1930 እ.ኤ.አ. በኋላ የክብር ዘበኛውን ሲያሠለጥኑ ከነበረበት ዘመን ጋር የሚያያዝ ዓይነት ነው፤ አንበሳው በግልጽ የሚታይበት ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። ቬተርሊውንም ቢሆን አደራ፤ ብዙ ሰው በዓድዋ ጣሊያኖች የያዙት ካርካኖ ይመስለዋል እንጂ አብዛኛው የጣሊያኑ ጄኔራል የባራቲዬሪ ጦር የተሰለፈው ያንኑ አሮጌ ቬተርሊ ይዞ ነበር።

መልስ ፪፦ ሚዛን

ከላይ ከተባለው ጋር በከፊል አልስማማም። ቁጥሩ የማይገጥም መቀርቀሪያ ለሰብሳቢ ትልቅ ጉድለት ነው፤ እንዲህ ባለ ጉድለት ላይ ጥሩ ዋጋ የሚሰጥ ገዢ ሁልጊዜ አይመጣም። ደግሞም ከግምጃ ቤት የሚወጣ ሌላ ጭነት ድንገት ቢገባ ዛሬ ብርቅ የሆነው ነገ ይረክሳል። የካርካኖው ዋጋ የልጅዎን የመጻሕፍት ወጪ እንኳ ይሸፍናል ብዬ አላምንም። የሚያስፈልግዎ ገንዘብ ከሆነ፣ ገንዘብ የሚያወጣውን መሸጥ ነውር አይደለም።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። መቀርቀሪያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ስለሆነ፣ ጥይቱ ሲጎርስ ከመቀርቀሪያው ፊት ጋር የሚኖረው ክፍተት በጠመንጃ ባለሙያ ሳይለካ ማንም እንዳይተኩስበት። ክፍተቱ ከልክ ካለፈ ቀለሁ ተሰንጥቆ ጋዙ በተኳሹ ፊት ላይ ሊመለስ ይችላል። ለገዢውም ይህንን ሳይደብቁ በጽሑፍ ይንገሩት።

መልስ ፫፦ የሕጉ ነገር

የትኛውንም ቢሸጡ አካሄዱን ይጠብቁ። በቨርጂኒያ በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. የጸናው ሕግ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ሽያጭም ቢሆን ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል የገዢው ማንነት ተጣርቶ እንዲፈጸም ያዝዝ ነበር፤ በኋላ ፍርድ ቤት ስላገደው ዛሬ የሚሠራበትን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ገዢው የሌላ ስቴት ነዋሪ ከሆነም የፌዴራሉ ሕግ በነጋዴ በኩል እንዲያልፍ ያስገድዳል። እስከ 1898 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተሠሩትን ግን የፌዴራሉ ሕግ እንደ ቅርስ እንጂ እንደ ተራ ጠመንጃ አይቆጥራቸውም፤ ስለዚህ በውጅግራውና በቬተርሊው ብረት ላይ የተመታውን ዓመት አስቀድመው ያንብቡ። ከአንድ ዓመት በላይ ይዘው በትርፍ ከሸጡ፣ የስብስብ ዕቃ ትርፍ እስከ 28 በመቶ ግብር ሊጣልበት ስለሚችል የገዙበትን ደረሰኝ አይጣሉ።

ወደ አገር ቤት ልላከው የሚል ሐሳብ ቢመጣብዎ ደግሞ፣ ከዚህ ለማስወጣት የአሜሪካ መንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እዚያም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይጠብቅዎታል። በሻንጣ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ጠያቂ፦ የአሌክሳንድሪያው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ገንዘቡ የተናገሩት ወንድሜ እውነት አላቸው፤ ካርካኖው ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ካርካኖውን ከውጅግራው ጋር አንድ ላይ ለመሸጥ አስቤአለሁ፤ ውጅግራው አንድ ጎራሽ ከመሆኑም በላይ ጥይቱ ከገበያ ስለጠፋ ከግድግዳ ጌጥነት ያለፈ አላገለገለኝም። ቤልጅጉ ይቆያል። በቆርቆሮው ሥር የጀመረውን ዝገት ግን ምን ላድርገው?

መልስ ፬፦ የጥንቱ ዝናር

ቆርቆሮውን አይንቀሉት፤ ምስማሮቹ ሲወጡ የተሰነጠቀውን እንጨት ይዘውት ይመጣሉ። ጥቂት የመሣሪያ ዘይት በቀጭን ብሩሽ ከጠርዙ በኩል ያስገቡና አንድ ሌሊት አሳድረው ትርፉን በጨርቅ ይጥረጉ። እንጨቱን ዘይት አያጠጡት። የሣጥኑን እርጥበት የሚመጥ ከረጢትም በየጊዜው ይቀይሩ፤ የቨርጂኒያ በጋ እርጥበት ስለሚበዛው ለብረት ክፉ ነው።