ከፍተኛ ብቃት ያለው ስፔክትሮሜትር በእርግጥ የሚያስፈልገው ለየትኛው ሥራ ነው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። በቤተ ሙከራችን ያለው አነስተኛ ስፔክትሮሜትር (ብርሃንን በሞገድ ርዝመቱ ከፋፍሎ የሚለካ መሣሪያ) በፈሳሽ ናሙና ውስጥ ያለን ንጥረ ነገር መጠን ለመለካት እስካሁን አገልግሎናል። አሁን የተሻለ ለመግዛት ታስቧል፤ ነገር ግን የማነበው የአምራቾች መግለጫ ሁሉ «ከፍተኛ ብቃት» ከማለት አልፎ፣ ብቃቱ በየትኛው ሥራ ላይ ልዩነት እንደሚያመጣ አይናገርም። በሳይንስም ሆነ በኢንዱስትሪ የምትሠሩ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1 (ከሥነ ፈለክ)
በእኛ ዘርፍ ቀዳሚዎቹ የመለየት አቅምና መረጋጋት ናቸው። የመለየት አቅም ማለት የሞገዱ ርዝመት መሣሪያው ሊለየው ለሚችለው ትንሹ ልዩነት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። በ589.0 እና በ589.6 ናኖሜትር ላይ የሚታዩትን ሁለቱን የሶዲየም ቢጫ መስመሮች (ንጥረ ነገሩ ብርሃን የሚሰጥባቸውን ጠባብ ሞገዶች) ነጣጥሎ ለማየት 1,000 ገደማ ይበቃል፤ በቺሊ፣ ላ ሲያ፣ ባለ 3.6 ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ሃርፕስ የተባለው ስፔክትሮሜትር ግን 115,000 ገደማ አለው። ይህ የሆነው በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ የሚዞሩ ፕላኔቶች ኮከባቸውን ወዲያና ወዲህ የሚያንቀሳቅሱት እጅግ በጥቂቱ ስለሆነ ነው። ጁፒተር ፀሐይን የምታንቀሳቅሳት በሰከንድ 12.5 ሜትር ገደማ ሲሆን የምድር ድርሻ 9 ሴንቲሜትር ብቻ ነው።

ኮከቡ ወደ እኛ ሲቀርብ ወይም ሲርቅ በብርሃኑ ውስጥ ያሉት መስመሮች በጥቂቱ ይፈናቀላሉ፤ የምንለካውም ይህንን ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ፣ በሰከንድ 1 ሜትር የሆነ ፍጥነት የብርሃኑን መስመር የሚያፈናቅለው ሃርፕስ ነጥሎ ሊያይ ከሚችለው ትንሹ ስፋት ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ ባነሰ መጠን መሆኑ ነው። ልኬቱ የሚሳካው በሺዎች የሚቆጠሩ መስመሮች በአንድነት ስለሚሰሉና መሣሪያው አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ፣ ሙቀቱ ከዲግሪ አንድ መቶኛ ገደማ በላይ እንዳይለዋወጥ ተደርጎ ስለሚጠበቅ ነው። ስለዚህ የመለየት አቅሙን ብቻ አይቶ መግዛት አይገባም፤ መሣሪያው ዛሬና ነገ ያንኑ ማሳየቱ መረጋገጥ አለበት።

መልስ 2 (ከብረታ ብረት ምርት)
እኛ ዘንድ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። ከምድጃው የተወሰደው ናሙና በአርጎን ጋዝ ውስጥ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ይመታል፤ ከሚወጣው ብርሃንም የበርካታ ንጥረ ነገሮች መጠን በአጭር ጊዜ ይታወቃል። የቀለጠው ብረት ውጤቱን እየጠበቀ ስለሆነ ፍጥነቱ ራሱ የብቃቱ አካል ነው። ብረት ራሱ በሺዎች የሚቆጠሩ መስመሮች ስላሉት የሌሎቹ ንጥረ ነገሮች መስመሮች በመካከላቸው ይዋጣሉ፤ የመለየት አቅም የሚያስፈልገንም ለዚህ ነው።

ሆኖም ከዚያ በፊት የማየው መሣሪያው እስከ የትኛው አጭር ሞገድ እንደሚወርድ ነው። የካርቦን መስመር በ193.1፣ የሰልፈር በ180.7፣ የፎስፈረስ ደግሞ በ178.3 ናኖሜትር ላይ ይገኛሉ፤ በዚህ ክልል የአየሩ ኦክሲጅን ብርሃኑን ስለሚመጥ የመሣሪያው ውስጠኛ ክፍል አየር አልባ መሆን ወይም በአርጎን መሞላት አለበት። ፎስፈረስ የበዛበት ብረት በቅዝቃዜ፣ ሰልፈር የበዛበት ደግሞ በግለት ወቅት ስለሚሰባበር፣ እነዚህን በትክክል የማይለካ መሣሪያ ለእኛ አይጠቅምም።

መልስ 3 (ከመድኃኒት ጥራት ቁጥጥር)
ወደ ጠያቂው ሥራ ልመለስ። በፈሳሽ ውስጥ ያሉ ሞለኪውሎች ብርሃንን መጥጠው የሚያስቀሩበት ክልል አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ናኖሜትሮች የሚቆጠር ስፋት ስላለው፣ ከ1 ወይም ከ2 ናኖሜትር ያነሰ የመለየት ልክ እምብዛም አይጨምርልዎትም። እንዲያውም ለዚያ ሲባል የብርሃን መግቢያው ስንጥቅ ሲጠብ ወደ መሣሪያው የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል፤ ልኬቱም ይረበሻል። እርስዎ ሊጠይቁ የሚገባው ስለ ባዘነ ብርሃን፣ ማለትም ከመንገዱ ወጥቶ ስለሚቀላቀል ያልተፈለገ ብርሃን ነው። ከታሰበው ሞገድ ውጭ 0.1 በመቶ ብርሃን እንኳ ወደ ዲቴክተሩ (ብርሃኑን ወደሚለካው ክፍል) ከደረሰ፣ በናሙናው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ምንም ያህል ቢበዛ የአብሶርባንስ (ናሙናው ብርሃንን የሚመጥበት ልክ) ንባብ ከ3 አያልፍም፤ ስሕተቱም ከዚያ ቀድሞ ይጀምራል።

ጠያቂ
ከልብ አመሰግናለሁ። ወደፊት የዱቄት ናሙናዎችን እርጥበት ለመለካትም ታስቧል፤ ያው መሣሪያ ይበቃ ይሆን?

መልስ 3
ዲቴክተሩ የሲሊከን ከሆነ አይመቸውም፤ ሲሊከን ከ1,100 ናኖሜትር ገደማ በኋላ አያይም፤ ውኃ ግን ብርሃንን አጥብቆ የሚመጠው በ1,450 እና በ1,940 ናኖሜትር አካባቢ ነው። የተለመደው የኢንዲየም ጋሊየም አርሰናይድ ዲቴክተር እስከ 1,700 ገደማ ስለሚደርስ የመጀመሪያውን ይሸፍናል። ሁለቱን ሥራዎች በአንድ መሣሪያ ለመሸፈን ከመድከም ሁለት ለየብቻ የተመረጡ መሣሪያዎች መግዛትን እመክራለሁ።