ቫኪዩሙ 1,500 ማይክሮን ላይ ይቆማል፤ እርጥበት ነው ወይስ ሊክ (አየር የሚያሳልፍ ቀዳዳ)?

ሰላም ባለሙያዎች። አዲስ የኤሲ ኮንደንሰር እየገጠምኩ ነው፤ ጋዙ አር-410ኤ፣ የመዳብ ቱቦው 3/8 እና 3/4 ኢንች፣ ርዝመቱ 15 ሜትር። በ400 ፒኤስአይ ናይትሮጅን ተሞልቶ ሲያድር ጌጁ ንቅንቅ አላለም፤ በሳሙና አረፋም ብየዳውና ፍሌሩ (ጫፉ ተከፍቶ በነት የሚታሰረው የቱቦ መገጣጠሚያ) ንጹሕ ናቸው።

የቫኪዩም ፓምፑ እስከ 400 ማይክሮን (የቫኪዩም መለኪያ፤ ሲያንስ ቫኪዩሙ ጥልቅ ነው) ያወርደዋል። ፓምፑን የሚለየውን ቫልቭ ዘግቼ ስጠብቅ ግን በ10 ደቂቃ ወደ 1,500 ይወጣና እዚያው ቀጥ ይላል። ሊክ ቢሆን መውጣቱን ባላቆመ ነበር፤ ስለዚህ ጥርጣሬዬ እርጥበት ላይ ነው። የፓምፑ ዘይትም ወተት መስሏል። የማይክሮን ጌጁ ከፓምፑ ርቆ ነው የተገጠመው፣ የቫልቭ ኮሮቹም (በመሙያ ቀዳዳው ውስጥ ያሉት ትንንሽ መዝጊያዎች) ወጥተዋል።

ዘይቱን ቀይሬ፣ ቫኪዩሙን በደረቅ ናይትሮጅን ሰብሬ ልድገመው ወይስ መጀመሪያ የማኒፎልዱን (ጌጆቹና ቫልቮቹ ያሉበት ማገናኛ) ጎማዎች ልፈትሽ? የኮንደንሰሩ ቫልቮች ገና አልተከፈቱም።