ኑዛዜ ይፍረስ ሲባል ማን ይከሰስ? በጋዜጣ መጥራትስ ይበቃል?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዚህ ሳምንት መከራከሪያችንን የላከው አንድ አባላችን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አባት አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። አምስት ልጆች አሏቸው። በኑዛዜያቸው ቤቱን ለታናሿ ልጃቸውና ሪያድ ለሚኖረው ወንድ ልጃቸው ሰጡ። ቤቱ የታደሰው እሱ በላከው ገንዘብ ነው። የ9 ዓመት የልጅ ልጃቸው ባንክ ያለው ብር ደርሶታል። ለሚያስቀድሱበት ደብርም ጥቂት ተናዘዋል። ትልቋ ልጅ «ኑዛዜው በአራት ምስክሮች ፊት አልተነበበም፣ ይፍረስልኝ» ብላ ከሰሰች። መጀመሪያ የከሰሰችው ታናሽ እህቷን ብቻ ነበር። በኋላ የሪያዱን ወንድም ጨመረች። እሱ በጋዜጣ ተጠራ፣ አልቀረበም። ኑዛዜው ፈረሰ።

እስቲ ተከራከሩ። ኑዛዜ ሲሞገት እነማን መከሰስ አለባቸው? ውጭ አገር ያለ ሰው በጋዜጣ ሲጠራስ ተጠርቷል ይባላል ወይ?

የልደታ ጠበቃ፦ በእኔ እምነት ክሱ ገና ሲከፈት ጎደሎ ነበር። ኑዛዜው ቢፈርስ የሚያጣው ማን ነው? ታናሽ እህት፣ የሪያዱ ወንድም፣ የልጅ ልጁና ደብሩ ናቸው። አራቱም ስማቸው በተከሳሽነት መጻፍ ነበረበት። ኑዛዜ አስፈጻሚ ወይም ውርስ አጣሪ ካለም እንዲያውቅ መደረግ አለበት። ቢፈርስ የሚያገኙት ሌሎቹ ሁለት ልጆችም ዳር ቆመው ማየት የለባቸውም። ወይ ከከሳሽ ጋር ይቁሙ፣ ወይ ጣልቃ ይግቡ።

የልጅ ልጁ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ያንገበግበኛል። የ9 ዓመት ልጅ መጥሪያ ተቀብሎ መልስ አይሰጥም። ሞግዚቱ ነው የሚቆምለት። ሞግዚቱ ከሳሿ እናቱ ብትሆንስ? ኑዛዜው ሲፈርስ እናት ታገኛለች፣ ልጅ ያጣል። እንዲህ ጥቅማቸው ሲጋጭ ለልጁ ሌላ ሰው እንዲቆምለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ስንት መዝገብ ላይ ይህ ነገር ታልፏል መሰላችሁ! ልጁ አድጎ ሲጠይቅ ማን ይመልስለታል?

ከሳሽ የነበረች፦ ጠበቃው ያሉትን አልቃወምም። ግን የከሳሽንም ጎን ስሙ። እኔ አባቴ በጠና ታመው አልጋ ላይ ሳሉ በተጻፈ ኑዛዜ ከውርስ ተነቅዬ ነው የከሰስኩት። «ሁሉንም ክሰሺ» ተባልኩ፣ ስድስቱንም ከሰስኩ። አንዱ ወንድሜ ቤት ስሄድ ዘበኛው «የሉም» ይለኛል። መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ በበሩ ስንጥቅ ይታየኛል። ሌላዋ መጥሪያውን አንብባ ስታበቃ «አልፈርምም» ብላ መለሰችልኝ። ወረቀቱን ደጃፏ ላይ ትቼ፣ ሁለት ጎረቤት አስመስክሬ፣ ቃለ መሐላ አስገብቼ ነው ያለፈው። በየቀጠሮው «ለ4ኛ ተከሳሽ መጥሪያ አልደረሰም» ይባላል። ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን የቤቱን ኪራይ የሚበሉት እነሱ ናቸው። ተከሳሽ በበዛ ቁጥር የሚጠቀመው ቤቱን የያዘው ሰው ነው። ስለዚህ ዋናውን ተጠቃሚ ከስሶ መጨረስ ለምን አይበቃም? ሕጉስ አንድ ሰው ስለቀረ ክስ አይወድቅም ይል የለ?

የልደታ ጠበቃ፦ እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ ይላል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 39 መንፈሱ ይኸው ነው። ሰው ጎደለ ተብሎ ክሱ አይዘጋም፤ በቁጥር 40 ይጨመራል። ስለዚህ የጊዜ ገደብ እንዳያልፍብሽ ክሱን በያዝሽው ስም ትከፍቻለሽ፣ የቀሩትን ትጨምሪያለሽ። «አይወድቅም» ማለት ግን «ፍርዱ ያልተጠራውንም ያስራል» ማለት አይደለም። ያልተከሰሰው ሰው በቁጥር 358 «ያለ እኔ ተፈረደ» ብሎ ይቃወማል። ያን ጊዜ የለፋሽበት ሁሉ እንደገና ሀ ተብሎ ይጀመራል።

ከቤይሩት፦ እኔን ያሳደጉኝ አያቴ ናቸው። ሲሞቱ አንዲት ሰርቪስ ቤትና ከፊቷ ያለውን ቦታ ተናዘውልኛል። አክስቴ ከሳ ኑዛዜውን አስፈረሰች። እኔ በጋዜጣ ተጠርቼ ነበር አሉኝ። እዚህ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ጋዜጣውን የት አየዋለሁ? አክስቴ እኮ በየእሁዱ በኢሞ ታዋራኛለች። ያቺ ማስታወቂያ በወጣችበት ሰሞን ሳይቀር ለልጇ ጫማ እንድልክ ጠይቃኛለች። ፍርድ ቤት ቀርባ ግን «አድራሻዋን አላውቅም» ብላ ምላለች። ፍርዱን የሰማሁት ባለፈው ሳምንት ከጎረቤት ነው። አገር ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ ይህ ጥሪ ነው ትላላችሁ?

ጡረተኛው ጋሼ፦ ብዙ ዘመን መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ሕጉ የ1958 ዓ.ም. ነው፣ ቅደም ተከተሉ ግን ዛሬም ትክክል ነው። መጥሪያ መጀመሪያ ለተከሳሹ በእጁ ይሰጣል። ወኪል ካለው ለወኪሉ ይሰጣል። እሱ ካልተገኘ አብሮት ለሚኖር ለአካለ መጠን ለደረሰ ቤተሰብ ነው። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሲያቅት ነው በቁጥር 105 ፍርድ ቤቱ ሌላ መንገድ የሚያዘው። ጋዜጣ ቦታው እዚያ መጨረሻው ላይ ነው።

አሠራሩ ግን ተገለበጠ። የአቤቱታው ቃል ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ «ተከሳሹ በውጭ አገር የሚኖር ስለሆነና አድራሻውን ስለማላውቅ በጋዜጣ እንዲጠራልኝ»። ቃለ መሐላ ይያያዛል። ዳኛው ፊት የዕለቱ መዝገብ ተከምሯል፤ ይፈቅዳል። ከዚያ አዲስ ዘመን ላይ ጠባብ ሣጥን ይወጣል። የከሳሽ ስም፣ የተከሳሽ ስም፣ የመዝገብ ቁጥር፣ የቀጠሮ ቀን ይኖረዋል። ከታች «ባይቀርቡ ጉዳዩ በሌሉበት ይታያል» ይላል። ስለየትኛው ቤት፣ ስለማን ኑዛዜ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ጎረቤት አንብቦ እንኳ ለልጅቷ ደውሎ ሊነግራት አይችልም።

ከሳሽ የነበረች፦ የቤይሩቷ እህቴ፣ የደረሰብሽ በደል ነው። ግን ሁሉም ከሳሽ እንደ አክስትሽ አይደለም። የእኔ ታናሽ ወንድም ስልኬን ብሎክ አድርጎ፣ አድራሻውን ቀይሮ አውሮፓ ተቀምጧል። ጋዜጣ ባይኖር ኖሮ ጉዳዬ እስከ ዛሬ አያልቅም ነበር። ጋሼ፣ ጋዜጣን አጥብቃችሁ ስትዘጉ ሆን ብሎ የሚሸሸውን እየሸለማችሁት ነው።

ጡረተኛው ጋሼ፦ ልጄ፣ ይዘጋ አላልኩም። ፈልገሽ ያጣሽ መሆንሽ ይታይ ነው ያልኩት። አንቺ ቃለ መሐላሽ ላይ በየትኛው ስልክ እንደደወልሽ፣ ማንን እንደጠየቅሽ ብትጽፊ ዳኛው ያምንሻል። ችግሩ «አላውቅም» የምትለዋ አንዲት ቃል ብቻዋን ስትበቃ ነው።

የአራዳ ልጅ፦ እኔ የምለው፣ ቤተሰብ እርስ በርሱ ቴሌግራም ግሩፕ አለው። ለቅሶው የተነገረው በዚያ ነው። ዳኛው ለምን «መጥሪያውን በምታገኙበት ስልክም ላኩለት» ብሎ አያዝም?

የልደታ ጠበቃ፦ በቁጥር 105 ሌላ መንገድ ማዘዝ የሚችል ዳኛ ይህን ከጋዜጣው ጋር ደርቦ ቢያዝ የሚከለክለው አይታየኝም። እኔ እንዲያውም አቤቱታዬ ላይ ራሴ እጠይቃለሁ። ደንበኞቼ ይቆጡኛል። «ለምን እናስጠነቅቃቸዋለን?» ይሉኛል። የምመልስላቸው አንድ ነው፦ በሌለበት የተፈረደበት ሰው ነገ ፍርዱን ያስነሳባችኋል።

አወያይ፦ እኔም አቋሜን ልናገር። ሸክሙ መጀመሪያ ከሳሹ ላይ መሆን አለበት። ኑዛዜውን ይዞ ነው የሚከሰው፤ የተጠቀሱት ሰዎች ስም ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። «አላወቅኩም» ማለት አይችልም። ወራሾቹንም ያውቃቸዋል፣ ወንድሞቹና እህቶቹ ናቸው። ክሱ ሲከፈት የሁሉም ዝርዝር ከነስልካቸው ይያያዝ። ስልክ የለኝም የሚል ምን ምን እንደሞከረ በመሐላ ይዘርዝር። ከዚህ በኋላ ሆን ብሎ የሚሸሽ ካለ በጋዜጣ ይጠራና ጉዳዩ ይቀጥል። ሁለቱንም እህቶቻችንን የሚጠቅም መንገድ ይህ ይመስለኛል።

የአራዳ ልጅ፦ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ቢኖርስ? ቤተሰቡ የማያወራለት? እሱ ዝርዝሩ ላይ አይገባም።

የልደታ ጠበቃ፦ ሕጉ ፊት እሱም እኩል ልጅ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ለእሱ ያቀረብነው ሁሉ አይበቃውም። የቀረው በር ቁጥር 358 ነው፣ እሱም ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ከደረሰ ነው። ቤቱ ተሸጦ ገንዘቡ ከተከፋፈለ በኋላ ሌላ ክስ መክፈት ይኖርበታል። የውርስ ጥያቄ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደብ አለው። መብቱንና ንብረቱ መያዙን ካወቀ 3 ዓመት ነው።

ከቤይሩት፦ እኔስ? 358 ነው የሚመለከተኝ?

የልደታ ጠበቃ፦ አይደለም። አንቺ ተከሳሽ ተብለሽ ተጽፈሻል፤ የጎደለው መጥሪያው ነው። የአንቺ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 78 ነው፤ በሌለሽበት የተሰጠው ፍርድ እንዲነሳ የምትጠይቂበት ማለት ነው። በሌለሽበት መፈረዱን ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር ነው ያለሽ፤ አንድ ሳምንቱ ሄዷል። ነገ ዛሬ አትበይ። ቆንስላ ጽሕፈት ቤታችን ሄደሽ ለምታምኚው ሰው ውክልና ስጪ። ውክልናው አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይና ሰነዶች ማረጋገጫ ማለፍ ስላለበት ቀን ይበላል። ወኪልሽ እስከዚያ የመዝገቡን ቁጥርና ጋዜጣው የወጣበትን ቀን ያጣራ። አንቺ ደግሞ የኢሞ ጥሪ ዝርዝሩን ስክሪንሾት አድርጊ። የጫማውን መልእክት በተለይ እንዳታጠፊው።

ከቤይሩት፦ አለኝ፣ ድምፁም አለ። ነገ እረፍቴ ስላልሆነ እመቤቲቱን አስፈቅጄ እሄዳለሁ።

ከሳሽ የነበረች፦ የወኪል ሰው ካጣሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። መዝገብ ቤቱን አውቀዋለሁ፣ ቁጥሩን እኔ አጣራልሻለሁ።