የወንድሜና የእኔ የዘረመል ውጤት ቁጥሩ ተለያየ፤ ለውጡ አንድ ነው ወይስ ሁለት?

ጠያቂ

ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ ወንድሜ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ሲራመድ የእግሩ ጣቶች መሬት ይመቱበት ጀመር። ደረጃ ሲወጣ ይደናቀፋል፤ ተረከዙ ላይ ቁም ሲሉት አይችልም። መጀመሪያ የነርቭ ችግር ነው ተባለ። በመጨረሻ የዘረመል ምርመራ ተደርጎለት ጂኤንኢ በሚባለው ዘረመል ላይ ለውጥ ተገኘበት። ወረቀቱ «631ኛው ቦታ ላይ አላኒን በቫሊን ተተክቷል፤ በሁለቱም ቅጂ» ይላል፤ ቅጂ የሚሉት ከእናትና ከአባት አንድ አንድ የሚወረሰውን ነው።

እኔ ሕመም የለብኝም። ልጅ ለመውለድ ስላሰብን ግን በሌላ ላቦራቶሪ ተመረመርኩ። የእኔ ወረቀት «662ኛው ቦታ ላይ አላኒን በቫሊን ተተክቷል፤ በአንድ ቅጂ» ይላል። የእኔ ለውጥ ከእሱ የተለየ ነው ማለት ነው? በዚህ ዘረመል ላይ አንድ ቅጂ ብቻ ቢበላሽ እንኳ ሲያሉሪያ የሚባል በሽታ እንደሚመጣም አንብቤ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ወንድሜ ደግሞ ኢንዛይሙ የሚሠራው በአሚኖ ስኳር ላይ ነው መባሉን ሰምቶ የግሉኮሳሚን እንክብል መዋጥ ጀምሯል። ይጠቅመው ይሆን? የምታውቁ እርዱኝ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ

እኅቴ፣ የቁጥሩ ነገር አያስጨንቅሽ። ይህ ዘረመል የሚሠራው ፕሮቲን በሁለት ዓይነት አቆጣጠር ይጻፋል። በቀድሞው 722 አሚኖ አሲዶች (እንደ አላኒንና ቫሊን ያሉ የፕሮቲን መገንቢያዎች) አሉት፤ በአዲሱ ደግሞ ከመነሻው 31 ተጨምረው 753 ይሆናል። 631 ላይ 31 ስትደምሪ 662 ይመጣል። ሁለቱም ላይ አላኒን በቫሊን ስለተተካ ለውጡ አንድ ዓይነት ይመስላል።

በግምት ግን አትለፊው። በሁለቱም ወረቀቶች ላይ «ኤንኤም» ብሎ የሚጀምር የማመሳከሪያ ቁጥር ፈልጊ። 005476 ከሆነ የቀድሞው አቆጣጠር ነው፤ 001128227 ከሆነ አዲሱ። ከዚያ የዲኤንኤውን ቦታ ተመልከቺ፦ የወንድምሽ 1892 ላይ ሲ የተባለው የዲኤንኤ ፊደል ወደ ቲ፣ የአንቺ 1985 ላይ ሲ ወደ ቲ ሊል ይገባል። ልዩነቱ 93 ነው፤ ለእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ሦስት ፊደል ስለሚያስፈልግ 31 በሦስት ተባዝቶ ማለት ነው። በዚህ የቁጥር ልዩነት ምክንያት ቤተሰቦች ሁለት የተለያየ ለውጥ አለብን ብለው ሲጨነቁ ማየት ያሳዝነኛል። ላቦራቶሪዎች ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ቢጽፉ ምን ይጎዳቸዋል?

የባዮኬሚስትሪ መምህር

ስለ ሲያሉሪያ ልመልስልዎት። ጂኤንኢ በ9ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል፤ የሚሠራው ኢንዛይም ሁለት ተግባር አለው። ዩዲፒ ከሚባል ረዳት ሞለኪውል ጋር የተያያዘውን ኤን-አሴቲልግሉኮሳሚን የተባለ አሚኖ ስኳር ወደ ሌላ አሚኖ ስኳር፣ ወደ ኤን-አሴቲልማኖሳሚን ይለውጣል፤ ቀጥሎ በዚያው ላይ ፎስፌት ይጨምርበታል። የዚህ የለውጥ መንገድ ፍጻሜ ሲያሊክ አሲድ ነው፤ በሕዋሳት ገጽ ላይ ባሉ የስኳር ሰንሰለቶች ጫፍ የሚቀመጠው። ሲያሊክ አሲድ ሲበቃ ሲኤምፒ ከሚባል ሌላ ረዳት ሞለኪውል ጋር የተያያዘው ዓይነቱ ተመልሶ ኢንዛይሙ ላይ ይጣበቅና ሥራውን ያስቆመዋል።

ሲያሉሪያ የሚመጣው ይህ የመጣበቂያ ቦታ ሲበላሽ ነው። የታወቁት ለውጦች በቀድሞው አቆጣጠር 263ኛውና 266ኛው ቦታ ላይ ናቸው። ኢንዛይሙ መቆም ስለሚያቅተው ሲያሊክ አሲድ ተትረፍርፎ በሽንት ይወጣል፤ ለዚህም አንድ የተበላሸ ቅጂ ይበቃል። የእርስዎ ለውጥ ያለው ከዚያ ርቆ፣ ፎስፌት በሚጨምረው ክፍል ላይ ነው። የወንድምዎ ሕመም የጂኤንኢ ማዮፓቲ (የጡንቻ ሕመም) ይባላል፤ የሚከሰተው ሁለቱም ቅጂዎች ሲበላሹ ነው። እርስዎ ተሸካሚ እንጂ ታማሚ አይደሉም።

ወደ ግሉኮሳሚኑ ስመጣ፣ አልመክረውም። ሕዋስ ከግሉኮስና ከግሉታሚን አሚኖ ስኳርን ራሱ በበቂ ሁኔታ ይሠራል፤ እጥረቱ እዚያ አይደለም። ቦዩ መሐል ላይ ተደፍኖ ሳለ ከላይ ውኃ መጨመር ምን ይፈይዳል? ተመራማሪዎች የሞከሩት ከተደፈነው በታች ያለውን፣ ማለትም ኤን-አሴቲልማኖሳሚንን ወይም ራሱን ሲያሊክ አሲድን መስጠት ነው። ቀስ እያለ የሚለቀቅ የሲያሊክ አሲድ እንክብል እ.ኤ.አ. በ2017 በትልቁ ሙከራ የተጠበቀውን ውጤት አላሳየም። ሆኖም ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2024 መድኃኒቱን ፈቅዳለች። ወንድምዎ የሚውጠውን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር።

ሕመሙ ያለባት

ለወንድምሽ ከእንክብሉ ይልቅ ቁርጭምጭሚቱን ደግፎ እግሩ ወደ ታች እንዳይንጠለጠል የሚያደርግ ድጋፍ ፈልጉለት። እኔ መሬት መሬት እያየሁ መሄድ የተውኩት እሱን ካደረግሁ በኋላ ነው። ሌላው ጡንቻ ሲደክም የጭን ፊት ጡንቻ እስከ መጨረሻው ድረስ የመጽናት ልማድ አለው፤ ለመነሣትና ለመቆም የሚያገለግለውም እሱ ነውና ፊዚዮቴራፒስቱ በርትቶ እንዲጠብቅለት ንገሩት። እስኪዝል ድረስ ክብደት ማንሣት ግን አይገባውም። በአንዳንድ የዚህ ዘረመል ታማሚዎች ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶች ዝቅ ብለው ስለተገኙ፣ ከማንኛውም ቀዶ ጥገና በፊት የደም ቆጠራ ይደረግለት። አይዟችሁ፤ ሕመሙ የሚሄደው በዓመታት ነው፤ ለመዘጋጀት ጊዜ አላችሁ።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም። አሁን ሁለቱን ወረቀቶች አጠገብ ለአጠገብ ዘርግቼ አየኋቸው። የእሱ 005476፣ 1892 ይላል፤ የእኔ 001128227፣ 1985። ግሉኮሳሚኑንም ለሐኪሙ እንዲያሳየው ተስማምተናል። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ባለቤቴም መመርመር አለበት? ካለበትስ ይህችን አንዲት ለውጥ ብቻ ይፈልጉለት?

የላቦራቶሪ ባለሙያ

ቢመረመር መልካም ነው፤ ግን ዘረመሉ በሙሉ ይነበብለት። በጂኤንኢ ላይ ሕመም የሚያመጡ ከ200 በላይ ለውጦች ይታወቃሉ፤ እሱ ሌላውን ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ የእናንተን ብቻ ፈልገው «የለም» ቢሉት አያስተማምንም። የዘረመሉ ክፍል ተቆርጦ መጥፋቱንም ምርመራው የሚያሳይ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ተራው ንባብ ያንን ሊስተው ይችላል። እሱ ነጻ ከሆነ ልጃችሁ ቢበዛ እንደ አንቺ ተሸካሚ ይሆናል። እሱም ተሸካሚ ሆኖ ከተገኘ በእያንዳንዱ እርግዝና ሁለቱንም የተበላሹ ቅጂዎች የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከመፀነስሽ በፊት ሁለታችሁም የዘረመል አማካሪ ዘንድ ቅረቡ። የወንድምሽን ወረቀት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ።