ሞስኮ አንድ ቀን ነፃ አለኝ፤ የቶልስቶይ ገጠር ቤት ያዋጣል?

የፒያሳዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። በሥራ ጉዳይ ለአንድ ሳምንት ሞስኮ ልሄድ ነው። የዕረፍት ቀኔ እሁድ ወይም ሰኞ ነው፤ የቱን እንደምወስድ የምመርጠው እኔ ነኝ። ሩሲያዊውን ደራሲ ቶልስቶይን ያወቅኩት ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ በሃምሳ ብር ከገዛሁት፣ ሽፋኑ ከወለቀ አሮጌ መጽሐፍ ነው። ጓደኞቼ ቀይ አደባባይ ፎቶ ተነሺና ሱቅ ዙሪ ይሉኛል። ልቤ ግን የቶልስቶይ ገጠር ቤት ያለበት ያስናያ ፖልያና ነው ያለው። የሄደ ሰው አለ? በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል? ወይስ አልጋና ወንበር አይቼ ነው የምመለሰው?

ቀልደኛው፦
እህቴ፣ ፑሽኪን እያለ ቶልስቶይ ምን ያደርግልሻል? የፑሽኪን እናት አያት አብራም ጋኒባል ከአፍሪካ የተወሰደ ነው። እኛም የኛ ነው ብለን ሳር ቤት አደባባይ ሰይመንለታል። የሱን ገጠር ቤት ሚካይሎቭስኮዬን እይልን እንጂ!

የቱላው ሽማግሌ፦
ልጄ፣ በደርግ ጊዜ ቱላ አምስት ዓመት ተምሬአለሁ። ያስናያ ፖልያና ከቱላ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀልደኛው ያለው ደግሞ ፕስኮቭ በኩል ነው፤ ከሞስኮ በአንድ ቀን አይሞከርም። ቤቱም ወድሞ እንደገና የተሠራ ነው። የቶልስቶይ ግን ራሱ የኖረበት ቤት ነው።

ሰኞ እንዳትሄጂ፣ ቤቱ ዝግ ነው። እሁድ በጠዋት እዚያው ሞስኮ ካለው ከኩርስክ ባቡር ጣቢያ ተነሺ። ቱላ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ቢወስድብሽ ነው። ከዚያ በአውቶቡስም በታክሲም ትደርሻለሽ።

በሩ ላይ ሁለት ክብ ነጭ ማማዎች አሉ። ከዚያ ኩሬ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ በርች የሚባል ዛፍ የተሰለፈበት አቀበት። ቤተ መንግሥት ከጠበቅሽ ታዝኛለሽ። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1828 የተወለደበት ትልቁ ቤት የለም። ወጣት ሳለ ተሸጦ፣ ተፈታቶ ተወስዷል። ከገንዘቡም ቁማር በልቶበታል። የቀረው የጎን ቤቱ ነው፤ የሚጎበኘውም እሱ ነው።

የተወለደበት ጥቁር የቆዳ ሶፋ አለ። 22 ሺህ ያህል መጻሕፍት አሉ። እኔን የያዘችኝ ግን ምድር ቤት ያለች፣ ጣሪያዋ ቅስት የሆነ ክፍል ናት። ድሮ ዕቃ ቤት ነበረች። ሥጋ የሚንጠለጠልበት የብረት ቀለበት ዛሬም ጣሪያው ላይ አለ። ቋንጣ ቤት በያት! እዚያ ገብቶ ከልጆቹ ጫጫታ ተሸሽጎ ይጽፍ ነበር። ሚስቱ ሶፍያ ደግሞ 13 ልጅ እየወለደች የጦርነትና ሰላምን ረቂቅ በእጇ ደጋግማ ትገለብጥለት ነበር። ስለሷ ብዙ አይወራም፤ ያናድደኛል።

መቃብሩን ሳታዪ እንዳትመለሺ። ጫካ ውስጥ፣ ገደል አፍ ላይ ነው። መስቀል የለውም። ስም የለውም። ድንጋይ እንኳ የለውም። ሣር የለበሰ የአፈር ጉብታ ብቻ። መጀመሪያ ስንሄድ ከጎጃም የመጣ ጓደኛዬ ቆሞ ቆሞ፣ «ሰውዬው ዘመድ አልነበረውም እንዴ?» አለ። ሁላችንም ደንግጠን ነበር። ኋላ አስተማሪያችን አስረዳችን። ልጅ ሳለ ታላቅ ወንድሙ ኒኮላይ፣ የሰው ሁሉ ደስታ ምሥጢር የተጻፈበት አረንጓዴ በትር እዚህ ተቀብሯል ብሎ ነግሮት ነበር። ሸምግሎም አልረሳው። እዚያው ቅበሩኝ አለ፤ በ1910 ሲሞት ቀበሩት። በ1901 የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን አውግዛው ስለነበር ያለ ካህን ነው የተሸኘው። በ1941 ደግሞ ጀርመኖች ቤቱን ይዘው፣ የሞቱባቸውን ወታደሮች እዚያው መቃብሩ አጠገብ ቀበሩ። ሲወጡም ቤቱን አቃጠሉት፤ ደግነቱ እሳቱ ቶሎ ጠፋ። የጀርመኖቹም አስከሬን ኋላ ከዚያ ተነሥቷል።

መቃብሩ ጋ ሰው ጮክ ብሎ አያወራም። ስልክሽን ዝም አሰኚው።

የፒያሳዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እሁድን ያዝኩ። ቱላ ላይ ምን ልግዛልዎት?

የቱላው ሽማግሌ፦
ፕርያኒክ። የማር ዳቦ ነው፣ ላዩ ላይ ጽሑፍ የታተመበት፣ ውስጡ ማርማላታ ያለው። አራት ኪሎ ማኪያቶ እጋብዝሻለሁ። ስኳር አለብኝ፤ ስለዚህ ትንሹን ግዢ። ወይም መካከለኛውን።