ዓባይ የተራራ ወንዝ ነው ወይስ የአምባ ምድር?

የጂኦግራፊ መምህር፣ ደብረ ብርሃን
ጤና ይስጥልኝ። ስለ ወንዞች ሳስተምር የህንድን ምሳሌ እጠቀማለሁ፤ ከሂማላያ የሚወርዱትን እነ ጋንጀስን በአንድ ወገን፣ ከደካን አምባ ምድር የሚነሡትን እነ ጎዳቫሪን በሌላ ወገን አድርጌ አነጻጽራለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ «ዓባይስ ከየትኛው ይመደባል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሸለቆውን ሳስብ የተራራ ወንዝ ይመስለኛል፤ ውሃውን ሳስብ ግን እጠራጠራለሁ። የምታውቁ ብታብራሩልኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

የውሃ ባለሙያ
መምህር፣ ተማሪዋ ጥሩ ጠይቃለች። በእኔ እምነት ልዩነቱን የሚወስነው የቦታው ከፍታ ሳይሆን በደረቁ ወራት ወንዙን የሚመግበው ነገር ነው። ጋንጀስ የሚነሣው ከጋንጎትሪ የበረዶ ግግር በመሆኑ፣ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ሲበረታ በረዶው እየቀለጠ ዝናብ ሳይመጣ ውሃ ያገኛል። ጎዳቫሪ ግን በረዶ የለውም፤ ሞንሱን የሚባለው የህንድ የክረምት ዝናብ ሲያበቃ እየሳሳ ይሄዳል። በራስ ዳሸን ላይ አልፎ አልፎ በረዶ ቢጥልም ከዓመት ዓመት የሚቆይ ግግር ስለሌለ፣ ዓባይ በዚህ መለኪያ የጎዳቫሪ ወገን ነው። ከዓመታዊ ውሃው አብዛኛው የሚወርደው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው።

የአለት ተመራማሪ
በውሃው እስማማለሁ፤ የአለቱ ታሪክ ደግሞ ዝምድናውን ያጠነክረዋል። የደካን አምባ ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ የእኛው ደጋ ደግሞ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የባዛልት ላቫ የተሸፈኑ ናቸው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሰው ታሪኩን በዓይኑ ያነብበዋል፤ ከላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ዝቅ ሲል የኖራ ድንጋዩ፣ ከዚያ ነጣ ያለው ጂፕሰም፣ ከሥር ደግሞ ቀላ ያለው አሸዋ ድንጋይ ይታያል። ሸለቆው እንዲህ የጠለቀው ምድሪቱ ከፍ እያለች ስትሄድ ወንዙ ወደ ታች መቁረጡን ስላላቆመ ነው። ስለዚህ የሸለቆ ጥልቀት ብቻውን የሂማላያ ዓይነት ወንዝ መሆንን አያሳይም።

መምህር የሚያስተምሩበት ከተማ ራሱ ማስረጃ ነው። ጎዳቫሪ ከአረብ ባሕር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ይነሣና አምባው ወደ ምሥራቅ ስላዘነበለ 1,465 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ይገባል። የደብረ ብርሃኑ በረሳ ወንዝም እንዲሁ ስምጥ ሸለቆው አፍንጫው ሥር እያለ ፊቱን ወደ ምዕራብ መልሶ በጀማ ወንዝ በኩል ዓባይ ይገባል። ጣርማ በር ላይ ከጠርዙ በስተምሥራቅ የወደቀው ዝናብ ግን የአዋሽ ነው።

የውሃ ባለሙያ
አንድ ነገር ልጨምር። የሂማላያ ወንዞች ብዙ ደለል ተሸክመው ድንገት ሜዳ ላይ ስለሚደርሱ መንገዳቸውን ይለውጣሉ። በነሐሴ 2008 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የኮሲ ወንዝ ኔፓል ውስጥ መከላከያውን ጥሶ በቀድሞ ጎዳናው ወረደና በህንዷ ቢሃር ግዛት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን ለችግር ዳረገ። ዓባይም ደለል በብዛት ይሸከማል፤ ሆኖም በአለት ግድግዳ የታጠረ ስለሆነ በደጋው ላይ ዞር ማለት አይችልም።

የጂኦግራፊ መምህር፣ ደብረ ብርሃን
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ በረዶ ከሌለው ዓባይ በበጋ ለምን አይደርቅም?

የውሃ ባለሙያ
የክረምቱን ውሃ የሚያቆዩለት ስላሉ ነው። ጣና ያጠራቀመውን ቀስ እያለ ይለቃል፤ በተሰነጣጠቀው ባዛልት ውስጥ የሠረገው ዝናብ በምንጭነት ይወጣል፤ ከደቡብ ምዕራብ ደግሞ ዝናቡ ረዘም ላለ ጊዜ ከሚቆይበት አገር ዴዴሳ ይመጣል፣ ዳቡስም በሰፊ ረግረጉ ያቆየውን ይዞ ይደርሳል። ተከዜ ግን እንደ ጣና ያለ ሐይቅ የለውም፤ የተከዜ ግድብ ከመሠራቱ በፊት በበጋ ውሃው እጅግ ይመነምን የነበረው ስለዚህ ነው።