«ስዕሉ ራሱ ይናገራል»? ለጀማሪ የትኛው የታሮት ካርታ ይሻላል

ጣና ዳር፦
ትናንት ማታ በኤፍኤም ስለ ታሮት፣ ዕጣ ፈንታ ስለሚነበብበት የ78 ስዕል ካርታ፣ ሲያወራ የነበረውን እንግዳ የሰማ አለ? «ጀማሪ ዌይትን ብቻ ይያዝ፣ መጽሐፍም አያስፈልገውም፣ ስዕሉ ራሱ ይናገራል» ብሎ ዘጋው፤ ዌይት ያለው በኤ. ኢ. ዌይት ስም የሚታወቀውን የታሮት እትም ነው። አስከትሎ ደግሞ «የመጀመሪያ ካርታ በስጦታ እንጂ በግዢ አይሆንም»። የስጦታውን ተዉት፤ ባሕር ዳር ላይ ለሰው ታሮት የሚሰጥ ዘመድ የለም፣ ጠበል የሚወስድ እንጂ። እኔን ያበገነኝ የመጀመሪያው ነው። እስቲ ከዌይት ላይ «አምስት ሳንቲም» የተባለውን ካርታ አውጡና ለጎጃም ሰው አሳዩት። ሁለት ችግረኞች፣ አንዱ በምርኩዝ፣ በበረዶ መሃል መብራት በበራበት የቤተ ክርስቲያን መስኮት ሥር ያልፋሉ። የፈረንጁ ንባብ ማጣት፣ መገለል፣ ከውጭ መቅረት ነው። እኛ ጋ የኔ ቢጤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ደረሰ ማለት ምጽዋት የሚገኝበት ደረሰ ማለት ነው። ስዕሉ ተናገረ፣ ግን የተናገረው ተቃራኒውን ነው።

ማርቆስ 07፦
አንዲት ካርታ መዘህ 78ቱን ልትቀብር? በል ሦስት ሰይፍን ውሰድ። ቀይ ልብ፣ ሦስት ሰይፍ ወግቶት፣ ከኋላው ደመናና ዝናብ። ይህን አይቶ «ሠርግ ነው» የሚል ሰው ከደብረ ማርቆስ እስከ ሞጣ ፈልገህ አምጣ። አምስት ጽዋም እንዲሁ፤ ሦስቱ ተደፍተዋል፣ ሁለቱ ከጀርባው ቆመዋል፣ ሰውየው አንገቱን ደፍቶ የፈሰሰውን ብቻ ያያል። እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ላይ ሲታተም ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሠራችው ተአምር ይኸው ነው፤ ከሁለት እስከ አስር ያሉትን 36 ካርታዎች በትዕይንት ሞላቻቸው። ከዚያ በፊት እንደ ሶላ ቡስካ ካሉ ጥቂት የድሮ የጣሊያን እትሞች በቀር የቁጥር ካርታ ማለት የተደረደረ ጽዋና ሳንቲም ብቻ ነበር። ጀማሪ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያስፈልገዋል።

ጣና ዳር፦
ቀላሉን መረጥህ። ልብ በሰይፍ ሲወጋ ማን አይገባውም? ስድስት ሰይፍን አንሳ። አንዲት የተከናነበች ሴትና አንድ ልጅ በጀልባ፣ ቀዛፊ ከኋላ፣ ስድስት ሰይፍ ወለሉ ላይ ቀጥ ብሎ ተተክሏል። የዘጌ ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይሄ ጀልባ ውሃ አያስገባም?» ብሎ ነው። «ከመከራ ወደ ጸጥታ መሻገር» የሚለውን ከስዕሉ አያገኘውም፤ ከመጽሐፉ ነው። ስዕሉ የሚናገረው አስቀድሞ ላነበበ ነው።

አባይ ማዶ፦
ቆይ ግን የስጦታውን ለምን ታልፉታላችሁ? እሱ ነው ጀማሪውን የሚያስቀረው። ታሮት በ15ኛው መቶ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ለጨዋታ ነው የተሠራው፤ እንደ ኮንከር ገዝተው ይጫወቱበት ነበር። ለጥንቆላ መዋሉ በሰፊው የሚታየው ከ1780ዎቹ ፓሪስ ወዲህ ነው። የመጫወቻ ካርታ በስጦታ ብቻ ይያዝ የሚል ሕግ ከየት ይመጣል?

የደጀን ሰው፦
ጨዋታም ይሁን ግዢ ጥንቆላ ጥንቆላ ነው። የዲማ ጊዮርጊስና የደብረ ኤልያስ አገር ላይ ተቀምጣችሁ የፈረንጅ ካርታ ስትመርጡ አታፍሩም?

ጮቄ ውርጭ፦
ወንድምዓለም፣ ስንት ቤት ቁምሳጥን ውስጥ አውደ ነገሥት እንዳለ እንቁጠር? ስምህንና የእናትህን ስም ደምሮ ለ12 የሚያካፍለው ጎረቤትህ ሲሆን «አዋቂ»፣ በስዕል ሲሆን «ጠንቋይ»።

የደጀን ሰው፦
ያም ይወገዛል፣ ይሄም ይወገዛል። እኔ አንዱን አላስበለጥኩም።

ጮቄ ውርጭ፦
እንግዲያው ለብቻው ክፈተው። እዚህ የሚጠየቀው የቱ ካርታ ነው።

የዋሸራ ደቀመዝሙር፦
ሁለታችሁም ዌይት ላይ ተጣብቃችሁ ነው የምትጣሉት። ትዕይንቱ ነው ጀማሪውን የሚያሰንፈው፤ «ሴትዮዋ አዝናለች፣ ልጁ ይሮጣል» እያለ ተረት ሲተርክ ይኖራል። ማርሴይን (የቁጥር ካርታዎቹ ትዕይንት የሌላቸውን የድሮ የፈረንሳይ እትም) ቢይዝ አራቱን ዓይነት (ዱላ፣ ጽዋ፣ ሰይፍ፣ ሳንቲም) እና አስሩን ቁጥር ያጠናል፣ አለቀ። 14 ነገር አውቆ 40 ካርታ ያነባል። ሁለት መገናኘት ነው፣ ጽዋ ፍቅር ነው፤ ሁለት ጽዋ ምን እንደሆነ የሚነግረው መስኮትም በረዶም አያስፈልገውም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ እሱን ሳይቀኝ መወድስ የሚሞክር ተማሪ የለም።

ማርቆስ 07፦
ማርሴይ ላይ ሰባት ሰይፍና ሰባት ዱላ ለጀማሪ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የተጠላለፈ እንጨት። አንድ ወር ሙሉ ሲያምታታው ይከርማል።

የዋሸራ ደቀመዝሙር፦
አይምታታም፣ ማየት ካወቀ። ሰይፎቹ ቅስት ሠርተው ጎብጠዋል፤ ጎደሎ ቁጥር ሲሆን መሃላቸው አንድ ቀጥ ያለ ሰይፍ ይገባል፣ ሙሉ ሲሆን (ከአስሩ በቀር) አበባ። ዱላዎቹ ቀጥ ብለው መሃል ላይ ይቆራረጣሉ። በዚያ ላይ ጎናቸው ላይ የሮማ ቁጥር አለ። ጽዋም አለው፤ ሳንቲም ብቻ ስለሌለው ይቆጠራል። ጀማሪን በእርግጥ የሚያሳስተው ሌላ ነው፤ ዘጠኝ የሚጻፈው በአምስት ምልክትና በአራት ዘንግ ነው፣ አራትም በአራት ዘንግ። በለመደው የሮማ ቁጥር የሚቆጥር ሰው የማተሚያ ስህተት ይመስለዋል።

ጣና ዳር፦
እኔ መስኮት አልጠላም ደቀመዝሙር፤ «ራሱ ይናገራል» የሚለውን ነው የጠላሁት።

ማርቆስ 07፦
እንግዳው «ራሱ» ሲል «ያለ ምንም ጥናት» ማለቱ አይደለም። ጀማሪ እንዳይደነብር ብሎ ነው።

ጣና ዳር፦
«መጽሐፍም አያስፈልገውም» ብሏል እኮ! ጆሮህ ማርቆስ ቀረ?

ማርቆስ 07፦
ማርቆስ የጎጃም ዋና ከተማ በነበረ ጊዜ እናንተ አሣ ታጠምዱ ነበር። ጆሮአችንን ተወው።

ጮቄ ውርጭ፦
ጀመራችሁ። ለምን ጀማሪው ቶት የተባለውን እትም አይወስድም? አሌይስተር ክሮውሊ አዘዘ፣ ፍሪዳ ሃሪስ እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1943 ሣለችው። የቁጥር ካርታዎቹ ላይ ስማቸው ተጽፏል፤ ሦስት ሰይፍ «ሐዘን» ይልሃል። የሚናገር ካርታ ከፈለጋችሁ ይኸው፣ በጽሑፍ ይናገራል።

የዋሸራ ደቀመዝሙር፦
እያላገጥህ ነው አይደል? ቶት ላይ «ኃይል» የተባለው ካርታ ስሙ ተቀይሯል፣ «ፍርድ» ተቀይሯል፣ ንጉሥ የሚባል የለም፤ ፈረሰኛ፣ ንግሥት፣ ልዑል፣ ልዕልት ነው። ጀማሪው ከሌላ መጽሐፍ ጋር ሊያስተያይ ሲል ይጠፋበታል። ትልቁ እትም ደግሞ 14 በ9.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ትንሽ እጅ ያለው ሰው ሊበውዘው አይችልም። አንዳንዱ እትም አንድ መሆን የሚገባውን «ማገስ» (አስማተኛው የሚባለውን ካርታ) ሦስት አስገብቶ 80 ካርታ ይሆናል፤ ጀማሪ ቆጥሮ «ተበላሽቷል» ብሎ ሊመልሰው ነው።

ቡሬ አታሚ፦
ስለ ስዕል ነው የምትጣሉት፣ እጅ ላይ ስለሚያዘው ወረቀት ማንም አላነሳም። በየገበያው ርካሽ ሆኖ የሚሸጠው አብዛኛው ኮፒ ነው። ምልክቱ፦ ማብራሪያ መጽሐፍ የለውም፣ በምትኩ በስልክ የሚነሳ ኮድ ያለበት ብጣሽ ወረቀት። ጠርዙ በአንድ በኩል ወፍሮ በሌላው ቀጥኗል። ጥቋቁር መስመሮቹ ደብዝዘዋል። መጠኑ ብዙ ጊዜ 10 በ6 ሴንቲ አካባቢ ነው፤ መደበኛው 12 በ7 ነው። ግን መጠኑ ብቻውን አያስፈርድም፣ አሳታሚዎቹ ራሳቸው ትንንሽ እትም ያወጣሉና።

አባይ ማዶ፦
የ1909ኙን ስዕል መቅዳት ስርቆት ነው እንዴ? ስሚዝ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። በእኛ አዋጅ 410/1996 ደራሲው ከሞተ 50 ዓመት ነው፣ በአውሮፓ 70። ሁለቱም አልፏል።

ቡሬ አታሚ፦
የድሮውን ስዕል ከሆነ አዎ። በቅርቡ የተሣሉትን የሕያው ሠዓሊ ካርታዎች ግን አይደለም፤ ኮፒው የሚበዛው ደግሞ እነሱ ላይ ነው። ስለዚህ የድሮውን እዚሁ ማተም ይሻላል ባይ ነኝ። በ300 ግራም አርት ካርድ፣ በኤ3። ለመቁረጫ ዙሪያውን ሦስት ሦስት ሚሊ ትርፍ ከተዋችሁ አንድ ኤ3 ላይ 10 ካርታ ይገባል፣ 78ቱ በ8 ወረቀት ያልቃል። ትርፍ ሳይተዉ አጠጋግተው 12 የሚያስገቡ አሉ፤ መቁረጫው አንድ ሚሊ ሲያዘንብል ጠርዙ ሁሉ ይበላሻል።

ማርቆስ 07፦
ላሚኔት ይደረጋላ፣ እንዲበረክት።

ቡሬ አታሚ፦
እንዳታደርጉት! የተለመደው የላሚኔሽን ፕላስቲክ በአንድ ፊት 125 ማይክሮን ነው፣ በሁለት ፊት ሩብ ሚሊ። በ78 አባዙት፤ ወደ 2 ሴንቲ ውፍረት ጨመራችሁ። ለብቻው ከ2 ሴንቲ በላይ የነበረው ካርታ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው፣ በአንድ እጅ አይያዝም። የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደግሞ በክረምት ጣና አካባቢ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ማት የሆነ ስስ ሽፋን ከማተሚያ ቤቱ ጠይቁ፣ ጥጉን በጥግ ማክበቢያ አስክብቡ። ያልተከበበ ጥግ ቶሎ ይታጠፋል፤ የታጠፈ ካርታ በጀርባው ይታወቃል፣ ያን ጊዜ ማውጣት ሳይሆን መምረጥ ሆነ።

ጮቄ ውርጭ፦
ጀርባው ላይ ምን ይታተም?

ቡሬ አታሚ፦
እስከ ጠርዝ የሚደርስ ድግግሞሽ፣ ፍሬም የሌለው። የፊትና የኋላ ሕትመት አንድ ሁለት ሚሊ ይሸራተታል፤ ፍሬም ካለው ያጋልጣል። ደግሞ ሲገለበጥ ያው የሚመስል ይሁን፣ አለዚያ የተዘቀዘቀውን ሳታወጡት ታውቁታላችሁ።

የዋሸራ ደቀመዝሙር፦
ማርሴይ ለሚይዝ ዝቅዝቅ ማንበብ (ተገልብጦ ለወጣ ካርታ ሌላ ትርጉም መስጠት) ግዴታ አይደለም።

ማርቆስ 07፦
ለዌይትም ጀማሪው መጀመሪያ በቀናው ይልመድ፣ 22ቱን ዋናዎች (ከአራቱ ዓይነት ውጭ ያሉትን፣ እንደ ፍትሕና ኃይል) ብቻ ለይቶ። እዚህ ላይ እንስማማ ይሆናል።

የዋሸራ ደቀመዝሙር፦
አንስማማም። 22ቱን ብቻ ሲያወጣ ሁሉ ነገር «ዕጣ ፈንታ» ይሆንበታል፣ ተራ የቀን ጉዳይ የሚያወራው የቀሩት 56ቱ ናቸው። ደግሞ 22ቱን ከየትኛው ልታጠና? ማርሴይ ላይ 8ኛው ፍትሕ፣ 11ኛው ኃይል ነው። ዌይት አገላብጦ አንበሳ ያለበትን ኃይልን 8፣ ሚዛን የያዘችውን ፍትሕን 11 አደረጋቸው። ማርሴይ ካርታ ገዝቶ በዌይት ማብራሪያ የሚያነብ ሰው ሚዛን የያዘችውን አይቶ «አንበሳው የት ሄደ» ሲል ይውላል።

ማርቆስ 07፦
ዌይት ያገላበጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከኮከቦቹ ቅደም ተከተል ጋር እንዲገጥም ነው። አንበሳ ከሚዛን ይቀድማል።

የዋሸራ ደቀመዝሙር፦
ካርታው ኮከብ ሳይመደብለት ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሲጫወቱበት ኖረዋል። ኮከቡን በኋላ ጨምረው ቁጥሩን ለሱ ሲሉ ማዛወር ምን የሚሉት ነው?

ማርቆስ 07፦
እና ዛሬ ከሚታተመው ማብራሪያ አብዛኛው በየትኛው ቁጥር ነው የሚሄደው? እሱን መልስልኝ።

ጣና ዳር፦
ማብራሪያ? አያስፈልግም አላልክም ነበር እንዴ አንተ?

ማርቆስ 07፦
እንግዳው ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም። ወደ ላይ ወጥተህ አንብብ።